የጋሪው ኩሽኔታ

አዝመራው ድምፁን መጀመሪያ የሰማው ነሐሴ አስር ገደማ ነበር። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ባዶ ሚኒባስ ይዞ ሲመለስ፣ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ የንብ ቀፎ ጆሮው ሥር ያስጠጉበት ይመስል አንድ እምምታ መጣ። ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። ማርሹን ፎሌ አድርጎ መኪናዋ በራሷ እንድትንከባለል ለቀቃት። ድምፁ አልቆመም። እንግዲያው ሞተሩ አይደለም። ጎማው ይሆናል ብሎ በማግስቱ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። ድምፁ ግን ከፊት፣ ከቀኝ በኩል፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ አወቀ። አስራ አንድ ዓመት የሾፈረ ሰው የጎማ ኩሽኔታ ሲበላሽ የሚያሰማው ድምፅ አይጠፋውም።

አውቆም ተወው። መኪናዋ የራሱ አይደለችም፤ ባለቤቷ ባሕር ዳር የሚኖር፣ መኪና ቆመች በተባለ ቁጥር ሌላ ሾፌር የሚያስብ ሰው ነው። መንገዱም በዚያ ሰሞን በተኩስ የተነሳ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋ ነበር። በተከፈተበት ቀን መኪናውን ጋራዥ የሚያስገባ ሾፌር የለም። «ሲዘጋ አሠራታለሁ» አለ ለራሱ። ተዘጋ፤ የዚያን ቀን ደግሞ ሲተኛ ዋለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ጳጉሜ ሁለት ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ አንድ ሰው ወደ መስኮቱ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ የቆላ ፀሐይ ያጠቆራቸው ሰው ናቸው። ዝናቡ ከትከሻቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ሬሳ ትጭናለህ?» አሉት። ሌላ ነገር አላስቀደሙም።

«የማን ነው አባቴ?»

«የልጄ።»

ስማቸው ሙሐባው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ከጫግኒ ባሻገር ቆላው ውስጥ ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ እዚያው አርሰው፣ እዚያው ወልደው፣ እዚያው አርጅተዋል። ልጃቸው ደሴ ይባላል። ጥለውት የመጡትን ከተማ ስም ነበር ያወጡለት። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ንጋት ላይ አረፈ። የከተማው መስጊድ ሰዎች አጥበው ከፍነውታል። «መንገዱ አይታመንም፤ እዚሁ እንቅበረው» ብለዋቸውም ነበር።

«እናቱ ሳታየው አፈር አይገባም» አሉ ሙሐባው። «ዛሬውኑ ቤቴ አድርሰኝ። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም።»

አዝመራው ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ነበረበት። «መኪናዬ ታማለች፣ ሌላ ይፈልጉ» ቢል ይበቃ ነበር። ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶለታል። ግን ሰውየው ሦስት ሾፌር ጠይቀው ሦስቱም ሬሳ አንጭንም እንዳሏቸው ነገሩት፤ ፊታቸውን አየና «እግዜር ያጥናዎት። ይግቡ» አለ። ሦስት ሳምንት የሄደች መኪና አንድ ቀን አትጨምርም ወይ ብሎ ነው።

የመሀሉን ወንበሮች ነቅለው ሬሳውን በሰሌን ጠቅልለው ወለሉ ላይ አስተኙት። የሟች እህት እመቤት ከራስጌው ተቀመጠች። ሙሐባው ከአዝመራው ጎን ከፊት ሆኑ። ሦስት ሰዓት ላይ ከእንጅባራ ወጡ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጭጋግ ለብሶ ቆሟል። ዝናቡ አልጠነከረም፣ አልተወም። ማንም አያወራም። አዝመራው ከልማዱ ሬዲዮውን ሊከፍት እጁን ዘረጋና ከኋላው ማን እንደተኛ ትዝ ሲለው መለሰው። ያ እምምታ እያደገ መጣ። የሚሸፍንለት አንድም ነገር አልነበረም። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ እምምታው ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ፤ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር እመቤት የወንድሟ ራስ እንዳይንሸራተት በሁለት እጇ ትይዘዋለች።

«የፊት ቀኙ ነው» አሉ ሙሐባው በድንገት።

አዝመራው ዘወር አለ። ሽማግሌው መንገዱን እንጂ እሱን አያዩም።

«ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቱ ቀኙ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ይጮሃል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ዝም ይላል። ኩሽኔታው ነው።»

«መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«ነበርኩ። ስንሰፍር ጣሊያኖች ትራክተር አምጥተው ነበር። አምስት ዓመት እነሱ ጋራዥ ውስጥ ሠራሁ። እነሱ ሲሄዱ እኔም ወደ በሬው ተመለስኩ።» ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘነበሉ። «መቼ ጀመረው?»

«ዛሬ ነው» አለ አዝመራው። «አሁን መስማቴ ነው።»

ሙሐባው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማመናቸው ይሁን አለማመናቸው አልታወቀም።

አንድ አስር ደቂቃ ያህል እንደሄዱ የተቃጠለ ግራሶ ሸተተ። አዝመራው ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠ፤ ደግሞ ሲረግጠው ነው የያዘለት። ከፊት በቀኝ በኩል ብረት ብረትን ሲፈጭ ተሰማ። ጥጉን አስይዞ አቆማት። አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ፊት ለፊታቸው የድንች ማሳ፣ ራቅ ብሎ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ቤት ይታያል። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም።

ሙሐባው ወርደው መጀመሪያ የግራውን ጎማ መሀል በመዳፋቸው ነኩት፤ ለብ ብሏል። ወደ ቀኙ ሄደው እጃቸውን ገና ሳያስጠጉ መለሱት። ምራቃቸውን እንትፍ ሲሉበት ቸስ ብሎ ደረቀ።

«ክሪክ አለህ?»

አዝመራው መኪናዋን በክሪክ አነሳት። ሽማግሌው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ገፉት። ጎማው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ።

«እመቤት!» ብለው ጠሩ። «ነይ፣ ያንን የመሀሉን ፔዳል ርገጪ።»

ልጅቷ የወንድሟን ራስ በነጠላዋ ደግፋ መጣችና ፍሬኑን ረገጠች። ሙሐባው ደግመው ሲነቀንቁት ጎማው አልተንቀሳቀሰም። ስትለቀው ተመልሶ ላላ። «በቃ፣ ሌላ ነገር አይደለም። ጎማውን የሚይዘው ክንድ ቢሆን ኖሮ ፍሬን ተይዞም ይነቃነቅ ነበር» አሉ። ጎማውን በአንድ እጃቸው እያዞሩ ሌላውን እጃቸውን ከኋላው ብረት ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንደሚሰማቸው አዝመራው ያውቃል። ጠጠር የሚፈጭ ነገር ነው።

በዚያ መሀል ከላይ አንድ አይሱዙ መጣ። አዝመራው መሀል መንገድ ገብቶ አስቆመው። ሾፌሩ ወርዶ ሬሳውን በመስኮት አየና ከንፈሩን መጠጠ። ወደ ጫግኒ እየሄደ ነበር። ጋቢናው ሞልቷል፤ የጭነቱ ላይ ግን ቦታ አለ፣ እናስተኛውና ሸራ እናልብሰው አለ። ሙሐባው ጭነቱን ቀና ብለው አዩት። የቢራ ሳጥን ነው፤ እስከ ላይ የተደረደረ።

«እግዜር ይስጥህ። ሂድ» አሉት።

«አባቴ፣ ሰዓቱ እኮ…» አለ አዝመራው።

«ልጄን ከቢራ ላይ አልጭነውም።»

አይሱዙው ሄደ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ ሌላ መኪና አልታየም።

አዝመራው ጎማውን ፈታ፤ ፍሬኑን አውርዶ በሽቦ አንጠለጠለው። ሙሐባው እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። የጎማውን መሀል፣ የሞዞውን፣ ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቀው፣ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ፣ ኮፒሊያውን፣ በፒንሳ አውጥተው፣ ዳዶውን ፈቱ። የውጪው ኩሽኔታ ተሰባብሮ በእፍኛቸው ወደቀ። ተንከባላዮቹ ብረቶች ገሚሶቹ ጠፍጥፈዋል፣ ገሚሶቹ በሙቀት ሰማያዊ ሆነዋል። የውስጠኛው ግን ደህና ነበር። ሽማግሌው ከነዳጅ ታንኩ በተቀዳ ናፍታ አንዷን ተንከባላይ አጥበው ወደ ብርሃኑ አነሷት። ፊቷ ላይ ፈንጣጣ የመሰለ ቀዳዳ ሞልቷል፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያረጀ ጥቁር ዝገት አለ።

ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጨርቁ ላይ አስቀመጧት። አዝመራው ጎንበስ ብሎ የማያስፈልገውን ቁልፍ ይፈልግ ጀመር።

«አሁን ሌላ ኩሽኔታ ካልተገኘ አትሄድም» አሉ ሙሐባው።

«ጫግኒ አለ። የሚያልፍ መኪና ካገኘሁ ሄጄ…»

«መኪና የታለ?»

እመቤት ከውስጥ ሆና ሰምታቸዋለች። አላለቀሰችም። ከሌሊት ጀምሮ አልቅሳ ጨርሳለች። የወንድሟን ሰሌን ጫፍ እያስተካከለች «እማ ይኼኔ በር ላይ ናት» ብቻ አለች።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀርከሃ የጫነ የፈረስ ጋሪ ከማሳው መንገድ ብቅ አለ። ባለጋሪው ኪዳኑ የሚባል፣ ከነዚያ ቆርቆሮ ቤቶች ያንዱ ባለቤት ነው። በዝናብ ቆመው ሲያያቸው ምን እንደሆኑ ጠየቀ፤ አማርኛውን ከአገውኛ እየጎተተ የሚያመጣው ይመስላል። ሬሳ መሆኑን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ።

ሙሐባው ግን ሰውየውን አላዩትም። ከጋሪው ጎማ ፊት ቁጢጥ ብለው ነበር። ጋሪው ከአሮጌ መኪና የተወሰደ የብረት ሞዞ አለው።

«ይህ የምን መኪና ነው?»

«የቶዮታ ነው ብለውኛል። ዳንግላ ነው ያሠራሁት።»

ሽማግሌው የመኪናዋን ሞዞ ክዳን አምጥተው ከጋሪው ሞዞ አፍ ጋር አስጠጉት። ልክ ነው። በጣታቸው ደግመው ለኩ። ልክ ነው። ከዚያ ግን ተነሱ። ለመለመን አፋቸውን አልከፈቱም። የሰው መተዳደሪያ መሆኑን ያውቃሉ።

የጠየቀው አዝመራው ነው። «ወንድሜ፣ ይህን ኩሽኔታ ብታውሰን፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ራሴ መልሼ አመጣልሃለሁ። የእናቴን ስም ጠርቼ እምልልሃለሁ።»

ኪዳኑ ቀርከሃውን አየ፤ ፈረሱን አየ፤ መኪናዋን አየ። «ነገ ገበያ ነበር» አለ። «እናቱ አሉ?»

«አለች» አሉ ሙሐባው። «እየጠበቀችው ነው።»

ኪዳኑ ሌላ አልጠየቀም። ፈረሱን ከጋሪው ፈታ።

ሥራው የፈሩትን ያህል ከባድ ሆነ። የተሰበረው ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ከዘንጉ ጋር በሙቀት ተጣብቆ ቀርቷል። አዝመራው በመዶሻ ቢደበድበው አልነቃነቅ አለ። ሙሐባው አዝመራውን ገለል አደረጉና ከኪዳኑ ቤት የመጣ ያለቀ ማረሻ ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ ጊዜ ከላይ አንድ ጊዜ ከታች፣ ዘንጉን ሳይነኩ ቀለበቱን ብቻ ይመቱ ጀመር። እንደዚያ ሲመቱ አንድ ሰዓት አለፈ። እጃቸው ደም አወጣ። ዝናቡ ጠንከር ሲል ኪዳኑ ማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ከላያቸው ቆመ። አዝመራው «ልተካዎት» ባለ ቁጥር «ተወኝ» ይሉታል። ቀለበቱ ስንጥቅ ብሎ ሲወጣ ተቀምጠው ግንባራቸውን መሬት ያስነኩ መሰሉ፤ ግን ስግደት አልነበረም፤ ደክሟቸው ነው።

ከዚያ በሞዞው ውስጥ የቀረውን የውጪ ቀለበት ማውጣት፣ ከጋሪው ደግሞ ደህናውን ማውጣት፣ አጥቦ መግጠም ነበረ። ኪዳኑ የጋሪውን ግራሶ በቆርቆሮ አመጣ። ሙሐባው ግራሶውን መዳፋቸው ላይ ክምር አድርገው ኩሽኔታውን በጎኑ እየጫኑ በተንከባላዮቹ መሀል እስኪያልፍ ድረስ ሞሉት። ዳዶውን ማጥበቅ ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ለአዝመራው ሰጡት።

«አጥብቅና አዙረው። አሁን መልሰህ አላላው። አሁን በጣትህ ብቻ አጥብቀው፣ በቁልፍ አይደለም። ከጠበቀ ይነዳል፤ ከላላ ይፈጃል።»

ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። ለአንድ አፍታ ልጃቸው ከኋላቸው መተኛቱን የረሱ መሰለ። ከዚያ ትዝ አላቸው። አዝመራው ትዝ ሲላቸው በዓይኑ አየ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ሁሉ ወደ ታች ወረደ።

ጎማውን መልሰው ሲያስሩ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ኪዳኑ ጋሪውን በድንጋይ ላይ አስደግፎ «በሰላም ግቡ» አላቸው።

አዝመራው ከአርባ በላይ አልነዳም። ኩሽኔታው የጋሪ ነው፤ ሊያምነው አልቻለም። ግን ድምፅ አልነበረም፤ መሪውም አልተንቀጠቀጠ። ቆላው ሲቃረብ ዝናቡ አባራ፤ አየሩም ሞቅ አለ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ጫግኒን አልፈው ከአንድ ኬላ ደረሱ። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲህ የቆሙ መኪናዎች አሉ።

አዝመራው ወርዶ ሄደ። «ሬሳ ነው» አለ።

ጠባቂው ወጣት ነው። እስከ መኪናዋ መጥቶ በመስኮት ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ሙሐባው በኩል ዞረ። «አባባ፣ ልከለክልዎት ፈልጌ አይደለም። ከፊት ተኩስ አለ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ማንም እንዳያልፍ ተብሏል። ከዚያ በፊት የመጡት ሁሉ አልፈዋል።»

«መቼ ይከፈታል?»

«ነገም አይመስለኝም።»

ሙሐባው ወርደው ገመዱ ድረስ ሄዱ። ገመዱን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ደረቅና ባዶ ነው፤ ፀሐይ ወጥታበታለች። ቤታቸው ሰባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አዝመራው ከኋላቸው ቆሞ «ከዚያ በፊት የመጡት ሁሉ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይሰማል። ሦስት ሳምንት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ቀን ብትቆም ኖሮ።

እዚያ ስልክ ይሠራ ነበር። እመቤት እናቷን አገኘች። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር አዝመራው ሰማው። እናትየዋ ሰው መሰብሰቡን፣ መቃብሩ መቆፈሩን፣ ደሴ የሚያርፍበት ክፍል መጠረጉን ትናገራለች። «የት ደረሳችሁ?» ትላለች። እመቤት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አባቷን አየች።

«ምን ልበላት?»

ሙሐባው ስልኩን ተቀበሉ። «አልደረስንም» አሉ። «እዚህ እናሳርፈዋለን። ሐራም እንዳይሆንብን። በርቺ።» ሌላ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ስልኩን ለልጃቸው መለሱ።

የጫግኒ ሙስሊሞች ወዲያው ደረሱላቸው። መቃብሩን በፍጥነት ቆፈሩ። አዝመራው ዶማ ተቀብሎ አብሮ ቆፈረ፤ ማንም ክርስቲያን ነህ አላለውም። ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ሰገዱ። ከነዚያ ሰዎች መካከል ደሴን በሕይወቱ ያየው አንድም አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር አለበሱት። እመቤት ከአጥሩ ውጪ፣ መኪናዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከወንድሟ ራስ ሥር የነበረውን ነጠላዋን እቅፏ ውስጥ አጥፋ ትዘረጋለች፣ ዘርግታ ታጥፋለች።

ሰዉ ሲበተን አዝመራው ወደ ሙሐባው ሄደ።

«ጋሽ ሙሐባው፣ ዋሽቼዎታለሁ። ኩሽኔታው ዛሬ አልጀመረም። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እያወቅሁ ነው የጫንኳችሁ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«ብረቷን አጥቤ ሳያት። የአንድ ቀን ሥራ እንዳልሆነ እናንተ ሳትወለዱ የተማርኩት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩኝም?»

ሽማግሌው በደረቀው ግራሶና ደም የጠቆረ እጃቸውን አዩ። «ደሴ ጎኔን ይወጋኛል ያለኝ ሰኔ ላይ ነው። አረሙ ይለቅ አልኩት። ሐምሌ ላይ ደግሞ አለኝ። አሁንም አረሙ አላለቀም ነበር።» ከመዳፋቸው ግራሶውን ፋቁ። «ታዲያ እኔ አንተን ምን ብዬ ልናገርህ?»

አዝመራው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። መንገዱ እስኪከፈት ጠብቄ ላድርሳችሁ አላቸው።

«አያስፈልግም። ከእንግዲህ የሚያስቸኩለን ነገር የለም» አሉ። የሚያሳርፏቸው ሰዎች እየጠበቋቸው ነበር። ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ። «የሰውየውን ኩሽኔታ መልስለት።»

በማግስቱ ጠዋት አዝመራው ጫግኒ አዲስ ኩሽኔታ አስገጠመ። መካኒኩ የጋሪውን ሲያወጣ አገጣጠሙን አይቶ «ይህን ማን ሠራው? እጁ ይባረክ» አለው። አዝመራው የጋሪውን ኩሽኔታ አጥቦ፣ በግራሶ ለውሶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ላይ ተነሳ።

ኪዳኑ ቤት ሲደርስ ጋሪው እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው። ሰውየው ከደጅ ሆኖ ሲያየው እየሮጠ መጣ።

«ደረሳችሁ?»

አዝመራው ጨርቁን ዘረጋለት። ኪዳኑ ኩሽኔታውን አላየም፤ ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው።

«ደረስን» አለ አዝመራው።

«እናቱስ አዩት?»

«አዩት።»

ኪዳኑ ወደ ቤቱ ዞሮ በአገውኛ ተጣራ። ሚስቱ ወጥታ ሰማችው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ሰማይ ቀና አለች። አዝመራው ጎንበስ ብሎ የጋሪውን ሞዞ ያስተካክል ጀመር። ሁለቱ ሆነው ገጠሙት። አዝመራው ጎማውን እያዞረ ዳዶውን አጠበቀ፣ አላላ፣ በጣቱ ብቻ መልሶ አጠበቀ። ኪዳኑ «በእኔ ኩሽኔታ ካገሩ አፈር ገባ» እያለ ለፈረሱም ይነግረው ነበር።

ሴትየዋ በሰሃን ትኩስ ቅቅል ድንች ይዛ መጣች። ለሟቹ ነፍስ ብለህ ቅመስ አለችው። እምቢ ለማለት ምክንያት መናገር ነበረበት። አንዱን ላጠ። ቆሞ በላው። ሁለተኛውንም ላጠችለት።